ረቡዕ በጀልባ የምትመጣው

ከቺሎዌ ማዶ፣ ዝናብ የማይለቃት አንዲት ደሴት አለች፣
ከድንችና ከበግ፣ ከዓሣ መረብ በቀር ብዙም ያልታደለች።
ትምህርት ቤቷ አንድ ክፍል፣ አንድ የብረት ምድጃ፣
አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ባንድ ላይ፣ ዐሥራ አንድ ልጅ፤
መምህር ኦስቫልዶ በአንድ እጁ እንጨት ይማግዳል፣
በሌላው ፊደል ይጽፋል።

ረቡዕ ረቡዕ ጧት በጭነት ጀልባ፣
በጋዝ ሲሊንደርና በዱቄት ጆንያ መሐል ተጣብባ
ሮሳውራ ትመጣለች፣ የንግግር ባለሙያዋ፣
ቦርሳዋን እንደ አራስ ልጅ ሸፍና በዝናብ ካፖርቷ።
ለሰባት ደሴት አንድ ናት።
ለአንድ ልጅ ሃያ ደቂቃ አላት።

ቢሮዋ ቢሮ አይባልም፤ መስኮት የሌላት ጓዳ ናት፣
መጥረጊያና ባልዲ የሚያድሩባት።
በመጀመሪያው ዓመት ኦስቫልዶ አልወደዳትም፤
«ልጆቼን ከመሐል እየመዘዘች ትወስድብኛለች» ይል ነበር፣
«ደግሞስ መስታወት ፊት ቆሞ ምላስ ማውጣት
ምኑ ነው ትምህርት?»

ሰነፍ ያላት ዬሴንያ ሰነፍ አልነበረችም።
ሮሳውራ ከግራዋ ቆማ ስሟን በሹክሹክታ ጠራች፣
ልጅቷ ዞር አላለችም።
ከዚያ ቀን ወዲህ የዬሴንያ ወንበር ከምድጃው ራቀ፣
ወደ መምህሩ ቀረበ፤
መምህሩም ለጥቂት ቀን ቀና ብሎ አልሄደም።

ኤሊሴዎ ግን ሌላ ነው።
ስድስት ዓመት ከመንፈቅ፣ ሁለት የወለቁ ጥርሶች፣
«ር» ከአፉ ስትወጣ «ል» ሆና ትወጣለች፤
ሮሳውራን «ሎሳውላ» ይላታል።
በአገሩ ቋንቋ ባሕር «ማር» ነው፤ እሱ «ማል» ይለዋል።
«ማል» እዚያ «ክፉ» ማለት ነው።
ልጆቹ ይስቃሉ፤ ሮሳውራ አትስቅም።
ባለፈው ክረምት አባቱን ከነጀልባው ወስዶ
መረቡን ብቻ የመለሰው ማን እንደሆነ አታጣውም።
ልታርመው የመጣችው ስሕተት
እውነት ሆኖ ጠበቃት።

በእኛ አማርኛ «ማር» ከቀፎ ይቆረጣል፣
«ማር» ብሎም ሰው ሰውን ይለምናል፤
ይህን ቅኔ እሷ አታውቀው፤
ብቻ ከሥዕል ካርዶቿ መሐል ሰማያዊዋን መዘዘች፣
የማዕበሉን ካርድ፣ ከቦርሳዋ ግርጌ ቀበረች።
ከዚያ ብልቃጥ ከፈተች፤
ከኡልሞ አበባ የተቀሰመ ነጣ ያለ ማር፣ የቀፎው፣
በስንጥር ጫፍ ነክታ ከላይ ጥርሱ ጀርባ ቀባችው።
«በል፣ በምላስህ ጫፍ ፈልገው።»
ፈለገው። አገኘው። ላሰው።
«ድገሚ» አለ።
ማሩን ነው እንጂ ፊደሏንስ አልፈለገም።

ስምንት ረቡዕ እንዲህ አለፈ።
ፎርሙ ላይ «በሂደት ላይ» ብላ ጻፈች፤
የአውራጃው ጽሕፈት ቤት የሚፈልገው ቁጥር ነው።

በዘጠነኛው ወደቡ ተዘጋ።
ነፋሱ ቆርቆሮ ይነቅላል፣ ጀልባ የለም፣ ባሕሩ ነጭ ነው።
ተራው ሲደርስ ኤሊሴዎ ማንም ሳይጠራው ተነሣ፣
ጓዳዋ ገብቶ ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት።
ኦስቫልዶ በሳንቃው ግድግዳ በኩል ሰማ፤
መጀመሪያ ምንም፤
ቀጥሎ ል... ል... ድ... ድ...
ገመዱ ተስቦ ተስቦ አልነሣ እንዳለ፣
እንደሚያስል ሞተር፣
ከዚያ ርርርርርር፤
የአባቱ ጀልባ።
መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ።
ዬሴንያ በደኅናው ጆሮዋ ወደ ግድግዳው ዞረች።
እንጨቱ ብቻ በምድጃው ውስጥ ተንጣጣ።

በሳምንቱ ውኃው ተኛ።
ሮሳውራ ገና እግሯን ከጀልባው ሳታነሣ
ኤሊሴዎ ከመውረጃው ጫፍ፣ ዝናብ በአፍንጫው እየወረደ፣
«ሎሳውራ!» ብሎ ጮኸ።

አንዷ ደርሳለች።
አንዷ ገና ባሕር ላይ ናት።